እናቴ የሞላችው ጠርሙስ

ሰዎች "ሕይወትሽን የቀየረው ምንድን ነው?" ብለው ሲጠይቁኝ "የባትሪ ውሃ" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ነገሩ በሆነበት ቀን ግን ሳቅ የሚባል ነገር አጠገቤ አልነበረም። እስቲ ታገሡኝና ከሥሩ ልንገራችሁ።

ተወልጄ ያደግኩት ካርቱም ውስጥ፣ አል-ሳሃፋ በሚባለው ሰፈር ነው። እናቴ ዘሃራ ወሎዬ ናት። ገና በልጅነቷ መጥታ ዐማራት በሚባለው የካርቱም ሰፈር በሰው ቤት ስትሠራ፣ የጭነት መኪና ሾፌር የነበረውን ሱዳናዊ አባቴን አገባች። ስሜን ሰልማ ያለችው እሷ ናት። ውጭ የፈለግኩትን እንድናገር ፈቅዳ፣ ቤት ውስጥ ግን በዐረብኛ ከጠየቅኳት ጆሮዋ አይሰማም ነበር። እንጀራ እንኳ በአማርኛ ካልጠየቅኩ አይቀርብልኝም። ይህን የምጽፍላችሁን አማርኛ ያገኘሁት በዚያ ግትርነቷ ነው።

አባቴ የሞተው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ነው። እናቴ ወደ ዐማራት ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ ጀምሮ ለአባቴ ነፍስ ብላ ከበራችን ውጭ ዚር አቆመች። ዚር መንገደኛ ቀድቶ የሚጠጣበት ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፤ በሱዳን ለሞተ ሰው እንዲህ ያለ ምጽዋት ይደረጋል። እሷ ግን ነገሩን ከሱዳኖቹም አጥብቃ ያዘችው። ጠዋት ጠዋት ዚሩ ካልሞላ ከቤት አትወጣም። ውሎ አድሮማ በዚሩ ብቻ አልበቃ አላት፤ ማሰሮው፣ ጆጉ፣ ማንቆርቆሪያው፣ ያገኘችው ዕቃ ሁሉ ጎዶሎ ሆኖ ከታየ ሞልታ ካላየችው ዕረፍት የላትም። "ጎዶሎ ዕቃ የያዘ ሰው ጎዶሎ ቀን ይውላል" ትላለች። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ ራሷ የፈጠረችው ይመስለኛል።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ዐሚ በሺር መደኒ ከተማ ነው የሚኖሩት። ዐሚ ማለት አጎቴ ማለት ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። አባቴ ከሞተ በኋላ ዱራው፣ ማለትም ማሽላው፣ ከማሳቸው እየተጫነ ይመጣልን ነበር፤ ዒድ በመጣ ቁጥር ልብሴን የሚገዙት እሳቸው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ስገባም አልከለከሉኝም። በመጨረሻው ዓመት ላይ ግን መጥተው ቁጭ አሉና፣ ልጃቸው ዐሊ ለትዳር መድረሱን፣ እኔም መድረሴን ተናገሩ። አንድ ነገር ብቻ ፈቀዱልኝ። ዩኒቨርሲቲው ራሱ "እኛ ዘንድ ቅሪ፣ አስተምሪ" ካለኝ ዝም እንደሚሉ፣ "ወደ ቤትሽ ሂጂ" ካለኝ ግን ቤቴ መደኒ መሆኑን ነገሩኝ። እናቴ ጎንበስ ብላ "ሓድር" አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። በአባቴ ዘመዶች ፊት እናቴ ከሓድር ሌላ ቃል አልነበራትም። ሐበሺያ ናት፣ ባሏ ሞቷል፣ ልጇ የእነሱ ስም አላት፤ ምን ትበል?

ዐሊን አልጠላውም ነበር። ግን ማግባት አልፈለግኩም። የፈለግኩት እርሾ ማየት ነበር።

አትሳቁ፤ እውነቴን ነው። የመመረቂያ ሥራዬ በኤሌክትሪክ ኃይል ሕዋሶችን መለየት ነበር። ሁለት ፀጉር የሚያህሉ ሽቦዎች ጫፍ ለጫፍ ሳይነካኩ በትንሽ መስተዋት ላይ ይለጠፋሉ። በመካከላቸው እርሾ ያለበት ውሃ ጠብ ይደረግና በአጉሊ መነጽር ይታያል። ሽቦዎቹ ላይ አቅጣጫውን በጣም ቶሎ ቶሎ የሚገለባብጥ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ፣ በሕይወት ያሉት የእርሾ ሕዋሶች ወደ ሽቦው ጫፍ ይሳባሉ፤ የሞቱት ይገፉና ይርቃሉ። ማንም ሳይነካቸው ይለያያሉ። እኔ ግማሹን እርሾ ቀቅዬ እገድልና ሰማያዊ ቀለም እጨምርበታለሁ፤ የሞተው ቀለሙን ይጠጣል፣ በሕይወት ያለው አይቀበልምና ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ ነጮቹ ሲመጡ፣ ሰማያዊዎቹ ሲሄዱ በዓይን ይታያል። በዚሁ ዘዴ ወባ የያዘውን የደም ሕዋስ ከጤነኛው ለመለየት የሚደክሙ ሰዎች እንዳሉ አንብቤ ነበር። ካርቱም ውስጥ ወባ ያላስተኛው ማን አለ? እኔም አንድ ቀን ከእርሾ ወደ ደም እሻገራለሁ ብዬ ነበር የማልመው።

ሙከራው አንድ ጭንቅ አለበት፤ ጨው ያለበት ውሃ አይወድም። የሰፈራችን ውሃ ከጉድጓድ የሚወጣ ስለሆነ ለዓይን ኩልል ያለ ነው፣ ግን ጨዋማነቱ በሻይ ላይ እንኳ ይታወቃል። የትምህርት ክፍሉ የውሃ ማጣሪያ ከተበላሸ ቆይቷል። ስለዚህ ሱቅ ዐረቢ ወደሚባለው ገበያ ሄጄ ከባትሪ ሻጮች ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ እገዛ ነበር። ቤተ ሙከራው ውስጥ የተቀመጠ ነገር ስለሚጠፋ ጠርሙሱን ማታ ማታ ወደ ቤት ይዤው ነው የምገባው።

ለወራት እምቢ ሲለኝ የቆየው ሙከራ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ብቻዬን ሳለሁ ተሳካ። ነጮቹ ተራ በተራ መጥተው የሽቦው ጫፍ ላይ ተደረደሩ። ማንም አላየልኝም። ዶክቶር ዑስማን፣ መምህሬ፣ ያን ቀን አልነበሩም። ረቡዕ ጠዋት መጥተው ሊያዩልኝ፣ ሐሙስ ደግሞ ወደ ውጭ አገር ሊሄዱ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ከተመራቂዎቹ ማን በረዳት መምህርነት እንዲቀር ሐሳባቸውን ይሰጣሉ። ዐሚ በሺር ደግሞ መልሴን ሊሰሙ ዓርብ ይመጣሉ። እንግዲህ ነገሬ ሁሉ በረቡዕ ላይ ተንጠለጠለ።

ረቡዕ ጠዋት እናቴ ከአሠሪዋ ፈቃድ ጠይቃ ለዒድ ብቻ የምትለብሰውን ቶብ፣ ያን የሱዳን ሴቶች ረጅም መጠቅለያ፣ ተከናንባ ጠበቀችኝ። አብራኝ ልትሄድ ነው። የሚፈረድባትን ልጇን አጅባ ወደ ችሎት የምትሄድ እናት መሰለችኝ። ጠርሙሴን አንጠልጥዬ፣ እሷን አስከትዬ፣ ሐፍላ ተሳፈርን፤ ሐፍላ የምንላት ትንሿን አውቶቡስ ነው። እናቴ መንገዱን ሙሉ ከንፈሯ ዱዓ ያደርጋል። እኔ ደግሞ በልቤ የረዳት መምህር ወንበሬን አደላድል ነበር።

ዶክቶር ዑስማን እናቴን በታላቅ አክብሮት ተቀብለው ጥግ ላይ ወንበር ሰጧት። እኔ እርሾዬን በጠርሙሱ ውሃ አጥቤ፣ መስተዋቱ ላይ አንጠብጥቤ፣ ኤሌክትሪኩን ለቀቅኩ። ዓይኔን መነጽሩ ላይ ደፋሁ።

ነጮቹ ሸሹ። ሰማያዊዎቹም ሸሹ። ያሉትም የሞቱትም ከሽቦው ፊታቸውን አዙረው ነጎዱ።

ቀና ብዬ ፈገግ አልኩ፤ ምንም እንዳልሆነ ሰው። ሽቦው ቆሽሾ ይሆናል አልኩና ሌላ መስተዋት ቀየርኩ። ያው ነው። የኤሌክትሪኩን ፍጥነት ቀየርኩ፤ ከሽቦው ጫፍ አረፋ ተነሣ። እርሾውን እንደገና አጠብኩ፤ ባጠብኩት ቁጥር ባሰበት። ዶክቶር ዑስማን ጎንበስ ብለው አዩና፣ ትናንት ስላየሽው እርግጠኛ ነሽ ወይ ብለው በቀስታ ጠየቁኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ደጋግሜ ማልኩ። የሚያምን ሰው ፊት ነበራቸው፣ ግን ሰዓታቸውንም ያያሉ። በመጨረሻ እስከ እኩለ ቀኑ የዙህር ሰላት ድረስ እንድሞክር፣ ሰግደው እንደሚመለሱ፣ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ቀጠሮ እንዳለባቸው ነግረውኝ ወጡ።

እኔና እናቴ ብቻ ቀረን። የሙቀቱ ነገር አይወራም፤ ጣሪያ ላይ ያለው ማራገቢያ ሞቃቱን አየር ከማማሰል በቀር ሥራ የለውም። ስቸኩል መስተዋቱን ጣልኩትና ተሰበረ። ያኔ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። መደኒ ታየኝ። ግቢው፣ ማሳው፣ በእንግዳ ክፍል የሚያኖሩት ትልቅ አልጋ ሁሉ ታየኝ። ጥሩ ቤት ነው። ግን እዚያ አጉሊ መነጽር የለም።

እናቴ መጥታ ጀርባዬን ዳሰሰችኝ። ጠርሙሱን አነሣችና ብርጭቆ መፈለግ ጀመረች።

"ከንፈርሽ ደርቋል፤ ያላ፣ ትንሽ ጠጪ" አለችኝ።

"ያ አይጠጣም እማ፣ የባትሪ ነው።"

"አይ፣ ጥሩ ውሃ ነው። ጠዋት ገላሽን ስትታጠቢ ጎድሎ አይቼ ከዚሩ ሞላሁልሽ። በእንዲህ ያለ ቀን ጎዶሎ ይዘሽ ትወጪ?"

ቀና አልኩ። ጠርሙሱን አየሁት። ትናንት ማታ ግማሽ እንኳ አልነበረም፤ እኔ ደግሞ ሐሳቤ ሁሉ በወንበሩ ላይ ስለነበር ሙሉ መሆኑን ሳላስተውል ነው አንጠልጥዬ የወጣሁት። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኔ የሚለቀም እንኳ አልተረፈኝም።

ቁጡ ነኝ። የሚያውቁኝ ያውቁኛል። ደሜ ሲፈላ ተሰማኝ፤ አፌ ላይ የመጣውን ቃል እዚህ አልጽፈውም። ግን ዞሬ ሳያት ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ታቅፋ ቆማ፣ ጥፋቱ ምን እንደሆነ ገና ሳይገባት፣ ከፊቴ ላይ ብቻ አንብባ ቀለሟ ሲገረጣ አየሁ። ሆዴ ባባ። ያን ሁሉ ዓመት የጎደለኝን ሁሉ ስትሞላ የኖረች ሴት ናት። ጫማዬን፣ ደብተሬን፣ አባቴን ሳይቀር። ዛሬ ሞላሽ ብዬ ልቆጣት?

በጣም ቀስ ብዬ አስረዳኋት። ጨው መሆኑን፣ ውሃው ለሰው ጥሩ ለእርሾ ግን ጥሩ እንዳልሆነ። ጨርሼ ሳልነግራት ጠርሙሱን አስቀምጣ ቶቧን አጠበቀች።

"የባትሪ ውሃ ያልሽው መኪና ያለው ሁሉ ያውቀዋል?" አለችኝ።

"አዎ።"

ወጣች። ልከተላት ብል እጇን አወዛውዛ ከለከለችኝ። በዚያ ፀሐይ፣ በዒድ ቶቧ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ላይ ተራ ከሚጠብቁት ታክሲዎች አንዱ ጋ እንደሄደች በኋላ ነው የሰማሁት። ስሙን በዐረብኛ በትክክል ስላላወቀችው "ሞተር የሚጠጣውን ውሃ" ብላ ጠይቃ ሾፌሮቹን አስቃለች።

ዶክቶር ዑስማን ተመልሰው ሲመጡ እናቴም ኋላቸው ገባች። እንደታሸገ ያለ ጠርሙስ በሁለት እጇ ይዛለች። እኔ አፌን ሳልከፍት በዐረብኛዋ ቀደመችኝ። ጥፋቱ የልጄ አይደለም፣ የእኔ ነው፣ ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ አለች። ዶክቶር ዑስማን አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩና ቁጭ አሉ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የዚሩን ውሃ እንዳትደፊ አሉኝ። ቀጠሯቸውን በስልክ አራዘሙ።

አዲሱን ጠርሙስ ከፈትን። እርሾውን እንደ አዲስ አጠብኩ። በእጄ የቀረኝ አንድ መስተዋት ብቻ ነበር። አንጠበጠብኩ፣ ለቀቅኩ፣ በመነጽሩ ለማየት ግን ድፍረት አጣሁ። ያዩት ዶክቶር ዑስማን ናቸው። ከዚያ ቀና ብለው እናቴን በእኔ ስም ጠሯት፦ "ያ ኡም ሰልማ፣ ነዪ፣ አንቺ እዪ።"

እናቴ በዕድሜዋ በአጉሊ መነጽር አይታ አታውቅም። አንዱን ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና ጎንበስ አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ እስትንፋሷን እሰማለሁ።

"ነጭ ነጮቹ እየመጡ ነው" አለች በአማርኛ። "ሰማያዊዎቹ ግን ይርቃሉ።"

እኔም እንደገና አለቀስኩ፤ የአሁኑ ግን ሌላ ነው። እናቴ ከመነጽሩ አልነሣም አለች።

"ቅድም የሸሹት እነዚህ ራሳቸው ናቸው?"

"ራሳቸው ናቸው እማ። ከአንድ ጣሳ የወጡ።"

"ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው?"

"ውሃው ብቻ።"

"ውሃው ብቻ" ብላ ደገመችው።

ዶክቶር ዑስማን የዚያን ዕለት የነገሩኝ ነገር እስከ ዛሬ የምኖርበት ነው። የእርሾው መምጣትና መሸሽ የእርሾው ጠባይ ብቻ እንዳልሆነ፣ በዙሪያው ባለውም ውሃ እንደሚወሰን በመጽሐፍ ተጽፎ ባነበውም፣ እንዳልገባኝ ነገሩኝ። አሁን ሁለቱንም ውሃ ይዘሽ መካከሉን ፈልጊ፣ ምን ያህል ጨው ሲገባ ሐሳባቸውን እንደሚቀይሩ አሳዪ አሉኝ። ስለ ወንበሩ ግን ቃል አልሰጡኝም። እሳቸው መልካሙን እንደሚናገሩልኝ፣ ውሳኔው ግን የብዙ ሰው እንደሆነና ወራት እንደሚወስድ ነገሩኝ። ሐሙስ ዕለት ሄዱ።

እኔ ግን ወራት አልነበረኝም። ዓርብ ነበር ያለኝ።

ዐሚ በሺር ከጁምዓ ሰላት በኋላ መጡ። ልጃቸውን አላመጡም፤ ፒካፓቸው ላይ ግን ዕቃዬን የሚጭኑበት ቦታ እንደተዘጋጀ አየሁ። እናቴ ውሃ አቀረበችላቸው፤ ጠጡ፣ አላህን አመሰገኑ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ዱራው አወሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ዩኒቨርሲቲው ቅሪ አለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። መዋሸት ይቻል ነበር። ገና አላሉኝም አልኩ።

ዐሚ በሺር ራሳቸውን ነቀነቁ። በደስታ አልነበረም፤ ያዘኑልኝ ይመስለኛል። ኢንሻአላህ ኸይር ነው፣ ቤትሽ ነው፣ ማንም አይበድልሽም አሉ። እኔ የእናቴን ሓድር ጠበቅኩ። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ጠበቅኩ፤ አልመጣም።

በልጃቸው ስም ጠርታ የተናገረችው በዐረብኛ ነው፤ በተቻለኝ መጠን ወደ አማርኛ እንዲህ እመልሰዋለሁ።

"ያ አቡ ዐሊ፣ ክፉ አላደረግክብንም፤ አላህ ምስክሬ ነው። እኔ ረቡዕ ዕለት በገዛ እጄ ለልጄ ውሃ ሞላሁላት። ጥሩ ውሃ ነው፤ ለመንገደኛ የምሰጠው፣ አንተም አሁን የጠጣኸው። በዚያ ውሃ ውስጥ ግን የሞቱትም ያሉትም ሸሹ። ውሃው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ የእነሱ ውሃ ስላልነበረ ነው። ውሃው ሲለወጥ ያሉት መጡ፤ በዓይኔ አየሁ። የአንተ ቤት ጥሩ ቤት ነው። የሰልማ ውሃ ግን እዚያ አይደለም። ልጄን አልሰጥም።"

ዐሚ በሺር ባዶውን ብርጭቆ አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"የሸሸው ማን ነው?" አሉ።

"እርሾ ነው ዐሚ" አልኩ።

"እርሾ።"

"አዎ፣ እርሾ።"

ጢማቸውን አሻሹ። ሳቅ ይሁን ቁጣ ያልለየሁት ነገር ፊታቸው ላይ መጣና አለፈ። ከዚያ ለእናቴ እንዲህ አሏት፦ "ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ ያልኩሽን ሁሉ ሓድር ብለሽ ተቀብለሻል። አንድም ቀን አይሆንም ብለሽኝ አታውቂም። ዛሬ ካልሽ፣ የሚያስልሽ ነገር አለ። ኸላስ፣ አለቀ።" ምሳ በልተው፣ ባዶ ፒካፓቸውን እየነዱ ሄዱ። ዱራውንም አላቋረጡብንም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ውሃ ቀይጬአለሁ፤ ከእርሾም አልፌ ወደ ደም ተሻግሬአለሁ። ካርቱም ውስጥ ሐበሺያ፣ ወሎ ስሄድ ደግሞ ሱዳንዬዋ ስባል እኔ ምንድን ነኝ እያልኩ ብዙ ተጨንቄ ነበር፤ አሁን ግን በሰው መቅረብና መሸሽ ላይ ከመፍረዴ በፊት ምን ውስጥ እንደቆመ አያለሁ። ራሴንም እንዲሁ። እናንተም ልጃችሁ፣ ባላችሁ፣ ጓደኛችሁ ከምታቀርቡለት መልካም ነገር ሲሸሽ ብታዩ፣ ክፉ ነው ለማለት አትቸኩሉ። በፍቅር የሞላችሁለትን ነገር እስቲ አንዴ ቅመሱት። እናታችሁ በፍቅር ብታጠፋባችሁም ቃል ከአፋችሁ ከመውጣቱ በፊት ፊቷን እዩት፤ እኔ ያን ዕለት ባላየው ኖሮ ዓርብ ዕለት የሚናገርልኝ አፍ አይኖርም ነበር ብዬ አስባለሁ።

በረዳት መምህርነት መቅረቴን የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። ከሐፍላ ወርጄ እስከ ቤታችን እየሮጥኩ መጣሁ። እናቴ የአሠሪዋን ልብስ እየተኮሰች ነበር። ነገርኳት። አቀፈችኝ፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ መረቀችኝ፤ ከዚያ ካውያዋን አንሥታ ሥራዋን ቀጠለች። እንዴ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቅሽው ቀን አይደለም ወይ፣ ለምን እልል አትይም ብዬ ተቆጣሁ።

"እንኳን ደስ አለሽ የኔ ዓለም፤ አንቺ እልል በይ" አለችኝ። "እኔ ደስታዬን ያን ዓርብ ጨርሼዋለሁ።"